ለአብራሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ውጊያ ሥልጠና የትኛው ይሻላል? እውነተኛ ራዳር ያለበት ቀጠና፣ ሲሙሌተር ወይስ አውሮፕላኑ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር

በኦክቶበር 1973 የእስራኤል አየር ኃይል ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጦርነት ወደ 100 የሚጠጉ አውሮፕላኖች አጣ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከባድ ጉዳት ካደረሱት መካከል ኤስኤ-6 የሚባለው ተንቀሳቃሽ የሶቪየት ሚሳኤል አንዱ ነው። ሚሳኤሉን ወደ ዒላማው የሚመራው የራዳር ሞገድ ያልተቆራረጠ ነበር። አውሮፕላኖቹ ላይ የነበረው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግን የተሠራው ለተቆራረጠ ሞገድ ነው። አብራሪው ሚሳኤል እየመጣበት እንደሆነ የሚነግረው መሣሪያ አልነበረም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጁን 9 ቀን 1982፣ ያው አየር ኃይል በሊባኖስ ቤቃ ሸለቆ ከነበሩት 19 የሶሪያ ሚሳኤል ባትሪዎች (የራሳቸው ራዳርና ማስወንጨፊያ ያላቸው ክፍሎች) 17ቱን በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ አደረገ። በመሃል ብዙ ነገር ተለውጧል። አዳዲስ መሣሪያዎች ገብተዋል። ራዳሮቹ እንዲበሩ የሚያታልሉ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ተሰማርተዋል። አብራሪዎቹም ያንን ውጊያ አስቀድመው ደጋግመው ተለማምደውታል።

ልምምዱ በምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ከባድ ነው። አማራጩ በዝቷል። ሻጩም በዝቷል። ሁሉም «እውነተኛውን ሁኔታ የሚመስል ሥልጠና» ይላል። እዚህ ላይ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለየትኛው አየር ኃይል የትኛው እንደሚሻል የራሴን አስተያየት እሰጣለሁ። የሁሉም መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው። አብራሪው አንድ ነገር ሲያደርግ ጠላቱ መልስ ይሰጣል ወይ? አብራሪው ሲታጠፍ፣ ዝቅ ሲል፣ ጃመሩን (የጠላትን ራዳር በሞገድ የሚያውከውን መሣሪያ) ሲያበራ፣ ከወዲያኛው ወገን ያለው ራዳር ምንም የማይለውጥ ከሆነ ሥልጠናው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጎደሎ ነው።

ምን እንደሚሠለጠን በአጭሩ

አብራሪው ኮክፒቱ ውስጥ የሚያየው አንዲት ትንሽ ስክሪን ናት። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው የያዘውን የራዳር ዓይነትና አቅጣጫ በምልክት ታሳየዋለች። በጆሮውም ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወሰን አለበት። ይህ ራዳር እየፈለገኝ ነው ወይስ ይዞኛል? ሚሳኤል ተተኩሷል? ጃም ላድርግ፣ ቻፍ የሚባለውን የብረት ብናኝ ልልቀቅ፣ ተራራ ጀርባ ልግባ ወይስ ተልዕኮዬን ልቀጥል? የሁለት ወይም የአራት ሰው ክራው (የበረራ ቡድን) ባለበት አውሮፕላን ደግሞ ይህ ሁሉ በንግግር ይከፋፈላል። ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለዚህ ውሳኔ ነው። ቁልፍ መጫን ማንም በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።

እውነተኛ ራዳር ያለበት ቀጠና

የመጀመሪያው አማራጭ አውሮፕላኑን ይዞ መሄድ ነው። ትልቁ ምሳሌ በአሜሪካ ኔቫዳ የሚገኘው የኔሊስ የልምምድ ቀጠና ነው። የመሬቱ ስፋት 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሬድ ፍላግ የሚባለው ልምምድ እዚያ የተጀመረው በኖቬምበር 1975 ነው። መነሻው የቬትናም ጦርነት ጥናት ነበር። አብራሪ የመጀመሪያዎቹን 10 የውጊያ በረራዎች ካለፈ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በጣም እንደሚጨምር ታየ። ስለዚህ እነዚያን 10 በረራዎች ጥይት በሌለበት እናብርራቸው ተባለ።

በአውሮፓ ሁለት ቦታዎች ይታወቃሉ። በሰሜን እንግሊዝ ካምብሪያ ውስጥ ያለው ስፔዳዳም አንዱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የብሉ ስትሪክ ሮኬት መሞከሪያ የነበረ ቦታ ነው። ሁለተኛው በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር አካባቢ የሚገኘው ፖሊጎን ነው። ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ ስምምነት ነው።

እነዚህ ቦታዎች ላይ መሬት የተተከሉ ማሠራጫዎች የጠላት ራዳርን ሞገድ ይለቃሉ። አንዳንዶቹ እውነተኛ የሶቪየት መሣሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በኮምፒውተር የሚመሩ አስመሳዮች ናቸው። ከአሜሪካ መሣሪያዎች ሙቴስ የሚባለው አሮጌው፣ ጄቲኢ የሚባለው ደግሞ አዲሱ ትውልድ ነው። ጄቲኢ በተጎታች ላይ ስለሚጫን ቦታ ይቀይራል፣ የአብራሪውን ድርጊትም አይቶ መልስ ይሰጣል። ሚሳኤል ሲተኮስ የሚታየውን ጭስ ለማሳየት ስሞኪ ሳም የሚባል ትንሽ ሮኬት ይለቀቃል።

የቀጠናው ትልቁ ብልጫ ሙሉ ሰንሰለቱ የሚፈተን መሆኑ ነው። እውነተኛ ሞገድ እውነተኛ አንቴና ውስጥ ይገባል። ኬብሉ ተበላሽቶ ከሆነ ያን ቀን ይታወቃል። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ግራ ከተጋባ አብራሪውም አብሮ ግራ ይጋባል፣ ይህ ደግሞ ጦርነት ላይ የሚገጥመው ነገር ነው። ሰውነት በከባድ መታጠፍ ይጨመቃል፣ ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ነዳጅ ያልቃል። ይህንን የሚተካ ኮምፒውተር የለም።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ነገር የማሠራጫዎቹ ብዛት ውስን ነው። አንድ ዘመናዊ የአየር መከላከያ መረብ በደርዘን የሚቆጠሩ ራዳሮች አሉት። ቀጠናው ላይ ያን ሁሉ መትከል አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቦታቸው የማይቀየሩትን ማሠራጫዎች አብራሪዎች በቃላቸው ይይዟቸዋል። ሦስተኛ፣ ሞገድ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ጂፒኤስ የሚያውክ ልምምድ ሲኖር የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ሕዝብ በተጨናነቀበት አውሮፓ ገደቡ ከዚህም ይጠብቃል።

አራተኛው ዛሬ ዛሬ ከሁሉም የከበደው ነው። ክፍት ሰማይ ላይ የሚለቀቅ ሞገድ ማንም ሊቀዳው ይችላል። ሳተላይት አለ። ስለዚህ እንደ ኤፍ-35 ያለ አውሮፕላን ምስጢራዊ አቅሙን ሜዳ ላይ እንደልቡ አያሳይም። ለጦርነት የተቀመጠውን ዘዴ ለመለማመድ የተዘጋ ክፍል ያስፈልጋል።

ሲሙሌተር፦ ምስሉን ሳይሆን ሞገዱን ተመልከቱ

ከመሬት ሳይነሱ መለማመድ ሁለተኛው አማራጭ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ገዢ ከሁሉም በላይ የሚታለለው እዚህ ነው።

አብዛኞቻችን ሲሙሌተር ሲባል የምናስበው አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያሠለጥንባቸውን ዓይነት ነው። ለእነዚያ የሲቪል ሲሙሌተሮች ሌቭል ዲ የሚባል ከፍተኛ ደረጃ አለ። እንቅስቃሴው፣ ምስሉ፣ የመሪው ክብደት በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተፈትሾ ይጸድቃል። ወታደራዊ ሻጮችም ይህን ደረጃ ያነሳሉ። ደረጃው ግን አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚበር እንጂ የጠላት ራዳር እንዴት እንደሚያስብ አይለካም። የሚያምር ባለ ጉልላት ስክሪን ያለው ሲሙሌተር የራዳር ስሌቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ በሦስት ደረጃ ይመጣል። በጣም ቀላሉ ላይ ኮምፒውተሩ ራዳሩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያስቀምጠዋል። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው አይሳሳትም፣ አይዘገይም። ይህ አደገኛ ነው። አብራሪው መሣሪያውን ያለ ልክ ማመን ይለምዳል። እውነተኛው መሣሪያ ግን አንዱን ራዳር በሌላ ስም ይጠራል፣ አቅጣጫውን ያዛባል፣ አንዳንዴም ዝም ይላል።

መካከለኛው ደረጃ ራዳሩ ያለበትን ሁኔታ ይከታተላል። እየፈለገ ነው፣ እየተከተለ ነው ወይስ ሚሳኤል እየመራ ነው? ለአብዛኛው የአብራሪ ሥልጠና ይህ ይበቃል፣ የመሣሪያው ስህተቶች አብረው እስከተጨመሩ ድረስ።

ከፍተኛው ደረጃ እያንዳንዱን የራዳር ምት፣ ማለትም ራዳሩ እየቆራረጠ የሚለቀውን እያንዳንዱን የሞገድ ቁራጭ፣ ይሠራል። ድግግሞሹን፣ ርዝመቱን፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ፣ ጥንካሬውንና የመጣበትን አቅጣጫ ሁሉ ያሰላል። ብዙ ራዳሮች ባሉበት ቦታ ይህ በሰከንድ እጅግ ብዙ ምት ማለት ነው። ኃይለኛ ኮምፒውተር ይፈልጋል። እንደ ኢኤ-18ጂ ግራውለር ባሉ ሙሉ ሥራቸው ጃም ማድረግ በሆነ አውሮፕላኖች ላይ ለሚሠሩ ክራዎች ግን ገንዘቡ ይገባዋል። እነርሱ ሞገድ ራሱን ያነባሉና።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ምርጫ አለ። አንዳንድ ሲሙሌተሮች የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በሶፍትዌር አስመስለው ይሠሩታል። ሌሎች እውነተኛውን ሣጥን ከአውሮፕላኑ አውጥተው ሲሙሌተሩ ውስጥ ይገጥሙና በኮምፒውተር የተፈጠረ ምልክት ይመግቡታል። ሁለተኛው ውድ ነው። ሣጥኑም ከአውሮፕላን መለዋወጫ ላይ ይቀነሳል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው የሚሠራው በውስጡ በተጫነ የራዳር መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ አዲስ መረጃ በተገኘ ቁጥር ይቀየራል። እውነተኛው ሣጥን ካለ አዲሱን መዝገብ ትጭናላችሁ፣ አለቀ። በሶፍትዌር የተመሰለ ከሆነ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ለውጥ እንደገና መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አውሮፕላኑ ሌላ ያሳያል፣ ሲሙሌተሩ ሌላ ያሳያል። አብራሪው ትናንት የተማረው ዛሬ ይክደዋል።

ጃሚንግ እንዴት እንደተሠራም ጠይቁ። ብዙ ርካሽ ሲሙሌተሮች «ጃመሩ ከበራ ራዳሩ በዚህን ያህል ፐርሰንት ያጣዋል» በሚል ቀላል ሕግ ይሠራሉ። ተፈጥሮ እንዲህ አይደለችም። ወደ ራዳሩ የምትጠጋው አውሮፕላን ርቀቷን በግማሽ ብትቀንስ ከአካሏ የሚመለሰው ማሚቶ 16 እጥፍ ይጠነክራል። የራሷ ጃመር ሞገድ ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው የሚጠነክረው። ማሚቶው የደርሶ መልስ መንገድ ስለሚጓዝ፣ የጃመሩ ሞገድ ግን መሄጃውን ብቻ ስለሚጓዝ ነው። ስለዚህ በሆነ ርቀት ላይ ራዳሩ ጃሚንጉን በስቶ ያያታል። አብራሪ ይህን ርቀት በደመ ነፍስ ማወቅ አለበት። በፐርሰንት የሚሠራ ሲሙሌተር ይህን አያስተምርም፣ እንዲያውም የውሸት ድፍረት ይሰጣል።

የመሬት አቀማመጥም እንዲሁ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የራዳር አንቴና 10,000 ሜትር ላይ የሚበርን አውሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለማየት የምድር ክብነት አያግደውም። አውሮፕላኑ 100 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ይህ ርቀት ወደ 54 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይህ ሜዳ ላይ ነው። ተራራ ካለ ከዚያም ያጥራል። የዲጂታል ካርታው ነጥቦች በ90 ሜትር የተራራቁ ከሆኑ ጠባብ ሸለቆ ይጠፋል። 30 ሜትር ከሆኑ ይሻላል። እንደ ሰሜን ኢትዮጵያ ባለ ገደላ ገደል አገር የሚበር አብራሪ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መልስ የሚሰጥ ጠላት

የተነሳሁበት ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው ይህን ነው። ጁን 2 ቀን 1995 ስኮት ኦግሬዲ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ በቦስኒያ ሰማይ ላይ በኤፍ-16 ሲበር በኤስኤ-6 ተመታ። በሕይወት ተርፎ የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የሚሳኤሉ ሠራተኞች ራዳራቸውን አጥፍተው ቆይተው መጨረሻ ላይ ነበር ያበሩት። ማርች 27 ቀን 1999 ደግሞ በዞልታን ዳኒ የሚመራ የሰርቢያ ባትሪ በ1960ዎቹ ቴክኖሎጂ የተሠራ ኤስኤ-3 ሚሳኤል ይዞ ኤፍ-117 የሚባለውን ከራዳር የሚሰወር የአሜሪካ አውሮፕላን ጣለ። ባትሪው ራዳሩን በአንድ ጊዜ ከ20 ሰከንድ ገደማ በላይ አያበራም ነበር። ቦታም ቶሎ ቶሎ ይቀይራል።

በሁለቱም ጊዜ አሜሪካኖቹ መሣሪያውን አሳምረው ያውቁታል። አደገኛ ያደረገው ከጀርባው የተቀመጠው ሰው አጠቃቀም ነው። ብዙ ሲሙሌተሮች ላይ ያለው ጠላት ግን ራዳሩን ከጠዋት እስከ ማታ አብርቶ ቁጭ ይላል። አብራሪው ራዳሩ የሚደርስበትን ክብ ካርታ ላይ አይቶ ዞሮ ያልፋል። ጥሩ ሥርዓት ላይ ራዳሩ ይጠፋል፣ ከሌላ ባትሪ መረጃ ይቀበላል፣ ድንገት ይበራል፣ ይተኩሳል፣ ይሸሻል። አሠልጣኙም ልምምዱ እየሄደ እያለ በእጁ ሊመራው ይችላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤንጂቲኤስ የሚባል የስጋት ማመንጫ ሶፍትዌር አለው። የአየር ኃይሉ የምርምር ተቋም ደግሞ አፍሲም የሚባል አለው። የሌላ አገር ገዢ እነዚህን ባያገኝ እንኳ የሚገዛውን የሚያነጻጽርበት መለኪያ ይሆኑታል።

አውሮፕላኑ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር

ሦስተኛው አማራጭ በመካከል ያለ ነው። አብራሪው በእውነት ይበራል። ጠላቱ ግን በአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። የጣሊያኑ ኤም-346 የሥልጠና ጄት በዚህ ይታወቃል። እስራኤል «ላቪ» ብላ ከ2014 ጀምሮ የምትጠቀምበት እርሱ ነው። አውሮፕላኑ ራዳር የለውም፣ ግን ሶፍትዌሩ ራዳር ያለው ያስመስለዋል። ምናባዊ ሚሳኤል ይተኮስበታል። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። አብራሪው እውነተኛ ጭነት እየተሰማው ይታጠፋል።

ይህን አማራጭ በጣም እወደዋለሁ። የሞገድ ፈቃድ አይፈልግም። በየትኛውም የልምምድ ሰማይ ላይ ይሠራል። የጠላት ብዛት ገደብ የለውም። ለመማሪያ ጄት የሚወጣው የሰዓት ወጪ ከተዋጊ ጄት በእጅጉ ያነሰ ነው። የኤፍ-35 አንድ የበረራ ሰዓት ከ30,000 ዶላር በላይ እንደሚያስወጣ ካሰብን ልዩነቱ ግልጽ ነው።

የማይሰጠውም አለ። ምንም ሞገድ ስላልተለቀቀ አንቴናውና የማስጠንቀቂያ መሣሪያው አይፈተኑም። በመስኮት ሲመለከቱ የሚታይ ጭስ የለም። ሁለት አውሮፕላኖች አብረው ከሆኑ ደግሞ አንድ ዓይነት ጠላት ማየት አለባቸው። ይህ በዳታሊንክ፣ አውሮፕላኖቹ መረጃ በሚለዋወጡበት የሬዲዮ መስመር፣ ነው የሚሆነው። ሊንኩ ሲቆረጥ አንዱ የሞተ ራዳር ለሌላው በሕይወት አለ። ስትገዙ ሊንኩ ተቆርጦ ሲመለስ ምን እንደሚሆን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ጃም የሚያደርግ አውሮፕላን መከራየት

በእንግሊዝ ለብዙ ዓመታት ፋልከን 20 የሚባሉ ትናንሽ ጄቶች ጃሚንግ ፖድ (ጃመር የያዘ ከውጭ የሚንጠለጠል ሣጥን) ተሸክመው በግል ኩባንያ ሲበሩ ቆይተዋል። የተዋጊ አውሮፕላን ራዳርን፣ የመርከብ ራዳርንና ሬዲዮን ያውካሉ። ለአብራሪ ብቻ ሳይሆን ለመሬት ራዳር ተቆጣጣሪዎችም ጥሩ ነው። ከሚሳኤል ባትሪ ጋር መፋለምን ግን አያስተምርም። በሰዓት መከራየት ስለሚቻል የራስን ከመግዛት ይሻላል።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር

ይህን ሰው ይንቀዋል፣ አይገባም። ተራ ኮምፒውተር፣ የማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ቅጂ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ። አብራሪው ድምፆቹን፣ ምልክቶቹን፣ የእያንዳንዱን ራዳር ጠባይ እዚህ ይማራል። ውድ ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ «ይህ ምልክት ምንድነው?» ማለት የሁሉንም ጊዜ ማባከን ነው። ገንዘብ ያጠረው አየር ኃይል ከዚህ ይጀምር።

ሁሉንም በኔትወርክ ማገናኘት

ዛሬ የብዙ ትልልቅ አየር ኃይሎች ሕልም እውነተኛ አውሮፕላን፣ ሲሙሌተር ውስጥ ያለ ሰውና በኮምፒውተር የተፈጠረ ጠላት በአንድ ውጊያ ማገናኘት ነው። መሠረቱ በ1980ዎቹ በአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም የተሠራው ሲምኔት ነው። ከእርሱ ዲአይኤስ የሚባለው ስታንዳርድ በ1993 ወጣ፣ ቁጥሩ 1278 ነው። በ2000 ደግሞ ኤችኤልኤ ተከተለ፣ ቁጥሩ 1516 ነው። ሁለቱም ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

ዲአይኤስ ለራዳር ልቀት የተለየ መልእክት አለው። ድግግሞሹን፣ ኃይሉን፣ ጨረሩ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። የእያንዳንዱን ምት ዝርዝር ግን አይልክም። ሊልክም አይችልም፣ ምቶቹ የሚለኩት በሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ኔትወርክ ላይ ደግሞ ለጠበቀ ውጊያ የሚፈቀደው መዘግየት 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሙሌተር መልእክቱን ተቀብሎ የራሱን ስሌት ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። አንዱ ሲሙሌተር ባለ 90 ሜትር ካርታ፣ ሌላው ባለ 30 ሜትር ካርታ ካለው አንዱ ተራራ ጀርባ ተደብቄያለሁ ሲል ሌላው ፊት ለፊት ያየዋል። የጃሚንግ ስሌታቸው ከተለያየም እንዲሁ። የሚያሸንፈው ጎበዙ ሳይሆን ስሌቱ ያደላለት ይሆናል።

አሜሪካኖቹ ለኤፍ-35 ፓታክሰንት ሪቨር የሚባል የባሕር ኃይል ሰፈር ውስጥ የሠሩት ጄኤስኢ የሚባል ሥርዓት ይህን በሌላ መንገድ ፈታው። አውሮፕላኖቹም፣ ጠላቱም፣ መሬቱም በአንድ ቦታ በአንድ ስሌት ይሠራሉ። የኤፍ-35 የመጨረሻው የውጊያ ፈተና እዚያ ውስጥ በሴፕቴምበር 2023 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ በማርች 2024 ሙሉ ምርት እንዲጀመር ተፈቀደ። ሜዳ ላይ ሊሰበሰብ የማይችል የጠላት ብዛት ስላስፈለገ ነው ይህ ሁሉ የተደረገው። ግንባታው ግን ዓመታት ወስዷል። ይህን መንገድ ለትንሽ አገር አልመክርም።

ምስጢርም አለ። የተለያየ የምስጢር ደረጃ ያላቸውን ሲሙሌተሮች በአንድ መስመር ማገናኘት በመሃል መረጃ የሚያጣራ ሥርዓት ይፈልጋል። ይህን በውሉ መጀመሪያ ላይ ያላሰበ ፕሮጀክት መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ታዲያ የቱን?

ጥቂት ተዋጊ ጄቶች ላሉት አየር ኃይል ምክሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡትን ለሁሉም አብራሪ ግዙ። ቀጥሎ መካከለኛ ስሌት ያለው፣ ጠላቱ ግን የሚያስብ፣ ቢያንስ ሁለት ኮክፒት የተገናኙበት ሲሙሌተር። ጉልላቱንና የሚንቀሳቀሰውን መድረክ ተዉት። በተረፈው ገንዘብ አንድ ወይም ሁለት ተንቀሳቃሽ ማሠራጫ ግዙና በየጊዜው ቦታ ቀይሩ። ካልሆነም ማሠራጫ ያለው ወዳጅ አገር ቀጠና ሄዳችሁ ተለማመዱ። ሲሙሌተር ብቻ ገዝቶ እውነተኛ ሞገድ ጨርሶ አለማየት ትልቅ አደጋ ነው፣ የራስን መሣሪያ ብልሽት በጦርነት ቀን ማወቅ ይመጣልና።

አዲስ የመማሪያ ጄት ለመግዛት የሚያስብ ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ የሚጫነውን ሶፍትዌር አብሮ ይጠይቅ። ኋላ ለመጨመር ይከብዳል።

እንደ ግራውለር ያለ የጃሚንግ አውሮፕላን ያለው፣ ወይም ምስጢራዊ ዘዴ መለማመድ የሚፈልግ ግን እያንዳንዱን ምት የሚሠራ፣ እውነተኛውን ሣጥን ውስጡ የያዘ ሲሙሌተር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ከመፈረም በፊት

የራዳር መዝገቡን ማን ነው የሚጽፈው? አዲስ ስጋት ሲመጣ የእናንተ ሰዎች ራሳቸው መጨመር ይችላሉ ወይስ ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፋችሁ ወራት ትጠብቃላችሁ? ይህ ለእኔ ከዋጋው በላይ ነው። ሻጩ መዝገቡን ዘግቶ ከያዘው የሥልጠናችሁ ጥራት በእርሱ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። የመጻፊያ መሣሪያውም፣ ሥልጠናውም በውሉ ይግባ።

ከበረራ በኋላ ግምገማ እንዴት ይደረጋል? አብራሪው ያየው ስክሪን፣ የጠላት ራዳር ኦፕሬተር ያየው ስክሪንና እውነተኛው ሁኔታ በአንድ ሰዓት መስመር ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። አብራሪው «ጃም አድርጌው ነበር» ሲል ራዳሩ በዚያች ሰከንድ ምን ያይ እንደነበር ማሳየት ካልቻላችሁ ግምገማው ክርክር ይሆናል።

የርክክብ ፈተናውን ደግሞ ለሻጩ አትተዉለት። አንድ ልምድ ያለው አብራሪና አንድ የአየር መከላከያ መኮንን አንድ ላይ ይቀመጡ። መኮንኑ ከጠላት ወገን ሆኖ ራዳሩን ያጥፋ፣ ያብራ፣ ቦታ ይቀይር። አብራሪው ጃም እያደረገ ይጠጋ፣ በየትኛው ርቀት ላይ እንደታየ ይመዝገብ፣ ቁጥሩም ከወረቀት ስሌቱ ጋር ይነጻጸር። ተራራ ጀርባ ገብቶ ማስጠንቀቂያው ዝም ይል እንደሆነ ይታይ። ከዚያ ሆን ብለው የራዳር መዝገቡ ውስጥ የሌለ ምልክት ያስገቡና መሣሪያው ምን ብሎ እንደሚጠራው ይመልከቱ። የአውሮፕላኑ እውነተኛ ሣጥን «ያልታወቀ» የሚለውን ሲሙሌተሩ በስሙ ከጠራው ርክክቡ ይቁም።